ሒሳቡን ማን ከፈለው?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከግቢ ወጥተን፣ አራት ኪሎም ይሁን ፒያሳ፣ አንድ ካፌ ስንቀመጥ ትልቁ ግብግብ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። አስተናጋጁ ሒሳቡን ይዞ ብቅ ሲል ሁለት ሦስት እጅ በአንድ ጊዜ ይዘረጋል። «ተው እንጂ!» «በሞቴ!» «እኔ እያለሁ?» «ባለፈው አንተ አልነበርክ እንዴ የከፈልከው?» እየተባለ አንዱ የሌላውን እጅ ይይዛል፤ ሌላው ብሩን በአስተናጋጁ ኪስ ሊወሽቅ ይሞክራል፤ አስተናጋጁም የማንን ተቀብሎ ከማን እንደሚቀያየም ግራ ገብቶት መሐል ይቆማል። (የለመዱት አስተናጋጆች ግን ግራ አይገባቸውም። ትልቁን ኖት የያዘውን ነው የሚቀበሉት፤ መልሱ ላይ ጉርሻ አለበትና።) በመጨረሻ አንዱ ያሸንፋል። ያሸነፈውም ልጅ ከካፌው ሲወጣ ትከሻው ሰፋ ይላል። «እሱ እኮ ቸር ነው» ይባልለታል።

እውን ቸር ነው ወይ? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው። ልጁን ለማጣጣል አይደለም፤ ያንን ልጅ ለመሆን የማይመኝ በመካከላችን ጥቂት ነው። ነገር ግን ቸርነት የምንለው ነገር ብሩ ከኪስ ሲወጣ የሚታየው ብቻ ነው ወይስ ብሩ ወደዚያ ኪስ እስኪገባ ድረስ የተከፈለውም ይቆጠራል? ከመካከላችን ደመወዝ ያለው ስንቱ ነው? ልጆች እያስጠና ጥቂት የሚያገኝ አለ፤ በትርፍ ጊዜው የሚሠራም አይጠፋም። የተቀረነው ግን ከቤት የሚላክልንን ነው የምንይዘው። እስቲ ያንን ብር ወደ ኋላ እንከተለው።

ወደ ኋላ ሲከተሉት የሚደረሰው መርካቶ ነው፤ ወይም ሾላ፤ ወይም የሰፈር ጉሊት። «አስቤዛ» ቀላል ቃል ይመስላል፤ የወር አስቤዛ የሚገዛ ሰው ግን ከአንድ የሎጂክ ኮርስ የማያንስ ነገር በጭንቅላቱ ይዞ ነው የሚዞረው። ጤፍን በኩንታል ገዝቶ ማስፈጨት በኪሎ ከመግዛት ይረክሳል። ኩንታል የሚያስገዛ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ያልተሟላለት ቤት ግን በኪሎ ይገዛል፤ እሱም ያቃተው እንጀራውን ከሱቅ በቁጥር ይገዛል። ስለዚህ በዚች ከተማ እንጀራ ከሁሉም በላይ የሚወደድበት፣ ከሁሉም በላይ ያጣው ነው ማለት ነው። (የኢኮኖሚክስ ልጆች ለዚህ ስም አላቸው ይላሉ። እናቶቻችን ያለ ስም ያውቁታል።) ማኛው፣ ነጩ፣ ሰርገኛው፣ ቀዩ ይነጻጸራል፤ ኑሮው ጠበቅ ሲል ሩዝ ወይም ማሽላ ይቀላቀላል፤ መጠኑም ልጆች እንዳይነቁበት ሆኖ ነው። በርበሬው ዛላው ታይቶና ተሽትቶ ይገዛል፤ ይቀነጠሳል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይወቀጣል፣ ከነኮረሪማው ከነነጭ ሽንኩርቱ ይደለዛል፣ እንደገና ይደርቃል፣ ከዚያ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። የተፈጨ በርበሬ ከሱቅ መግዛት ማንም አልከለከለም። ቁጠባ ብለን የምንጠራው ነገር ግን አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው፤ በብር ፋንታ በጉልበት መክፈል ነው። ብሩ ተቀመጠ ስንል ወገብ ተከፈለ ማለታችን ነው።

በዚያ ላይ ገበያው ራሱ ባለበት አይቆይም። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከፒያሳው ቦታው ተነሥቶ ጃን ሜዳ ሲገባ፣ በ2013 ደግሞ ወደ ሃይሌ ጋርመንት ሲሻገር፣ ለመሐል ከተማ ነዋሪ የሽንኩርት ዋጋ ማለት የሽንኩርቱ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ የታክሲው ሒሳብ ገባበት። ለ5 ኪሎ ሽንኩርት ያን ያህል መንገድ ይኬዳል? ወይስ ጉሊት ላይ ጨመር አድርጎ መግዛት ይሻላል? ወይስ ሦስት ጎረቤት አንዷን ልኮ ይካፈላል? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያን ሰሞን በየዶርሙ ስለ ገበያ መር ኢኮኖሚ ስንከራከር አመሸን፤ በየቤቱ የነበረው ክርክር ግን አንድ የ5 ሊትር ዘይት ጄሪካን ስንት ሳምንት ይቆይ የሚል ነበር። የትኛው ክርክር የጠለቀ እንደ ነበረ ለመናገር እኔ አልደፍርም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ ጉሊቱ አለ።

«መደቡ ስንት ነው፣ ልጄ?»

«40 ነው፣ እናቴ።»

«ኧረ ተይ! ትናንት በ30 አልነበር እንዴ?»

«ትናንት ሌላ፣ ዛሬ ሌላ። እኔም ጨምሬ ነው ያመጣሁት፣ አያዋጣኝም። ይጠይቁ፣ ዞረው ይምጡ።»

ትዞራለች። ዞራም ትመለሳለች። እንበል፣ አንዲት እናት በአንድ የገበያ ቀን ስምንት ቦታ ተከራክራ በየቦታው 10 ብር ብታስቀንስ ያተረፈችው 80 ብር ነው። በ80 ብር ስንት ማኪያቶ እንደሚጠጣ እናንተው አስሉት። ስምንት ክርክር፣ የግማሽ ቀን እግር፣ የዘንቢሉ ክብደት፣ አራት ኪሎ ላይ በአንድ «በሞቴ» ይወራረዳል። ብሩ ያው ብር ነው፤ ቁጥሩ አልተለወጠም። ከኋላው የነበረው ነገር ግን ጠረጴዛው ላይ አይታይም።

አሁን ደግሞ ወደ ስሙ ልመለስ። ያች እናት በልጇ ጓደኞች አፍ ምን ትባላለች? «ቋጣሪ።» ቃሉን ቆም ብለን ብናየው አይከፋም። ቋጣሪ ያሰኘው ቋጠሮው ነው፤ ገንዘብ በነጠላ ጫፍ ወይም በመቀነት ይቋጠር ነበር፣ ዛሬም የሚቋጥሩ አሉ። እንግዲህ ስድባችን የተወሰደው ከሷው ነጠላ ነው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲለወጡና አዲሱ 200 ብር ሲወጣ፣ አሮጌውን ለመለወጥ ሦስት ወር ተሰጥቶ ነበር። ያን ጊዜ ቋጠሮው ተፈታ። ከሣጥን ውስጥ፣ ከፍራሽ ሥር፣ ከእህል ዕቃ ውስጥ ሳይቀር ወጣ። «ይኸን ሁሉ ለምን ደብቀሽው ነው?» ተብለው ሲጠየቁ፣ እኔ በሰማሁባቸው ቤቶች የተሰጠው መልስ ብዙ አይለያይም፤ ይኸኛው ለመመዝገቢያ፣ ያኛው ለመድኃኒት፣ ሦስተኛው «ለድንገት» ነው። «ድንገት» የሚባለውን በጀት የማያውቅ ልጅ፣ ድንገት አንድ ቀን ታሞ ሲታከም በምን እንደ ታከመ ቢጠይቅ ደግ ነው።

ፈላስፋ መጥራት ካስፈለገ አርስቶትል አለ። ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ፣ በአራተኛው ክፍል፣ ልግስናን በስስትና በብክነት መካከል ያኖረዋል። እዚያው ላይ አንድ አስገራሚ ነገር ያነሣል፤ ሀብታቸውን የወረሱ ሰዎች ራሳቸው ካፈሩት ይልቅ እጃቸው የሚፈታ ይመስላል ይላል። ምክንያቱንም ሁለት ያደርገዋል። ወራሹ ችግርን አልቀመሰም፤ ያፈራ ሰው ደግሞ፣ ወላጅ ልጁን ገጣሚም ግጥሙን እንደሚወድ፣ የእጁን ሥራ ይወዳል። ይኸን ሳነብ የመጣብኝ ጥያቄ ቀላል ነው። እኛ የትኞቹ ነን? አላፈራንም። እንዳንል ደግሞ አልወረስንም፤ አፍሪዎቹ በሕይወት አሉ፣ ዛሬም ዘንቢል ይዘው ገበያ ናቸው። የወራሽ እጅ ይዘን የምንዞር፣ ወራሽ ያልሆንን ሰዎች ነን። አርስቶትል ለጋስ ሰው ከማይገባው ቦታ አይወስድም፣ ልግስናም የሚለካው በተሰጠው ብዛት ሳይሆን በሰጪው አቅም ነው ይላል። በወንጌል ውስጥ ያለችው የድኻይቱ መበለት ነገርም ከዚህ አይርቅም፤ ሁለት ናስ ጥላ ከባለጠጎቹ ሁሉ በለጠች፣ የጣለችው መኖሪያዋን ነበርና። በቁርአንም በአል ኢስራእ ምዕራፍ እጅህን ከአንገትህ ጋር አትሰር፣ እስከ መጨረሻውም አትዘርጋው የሚል ምክር አለ። ሦስቱም የሚመለከቱት ሰጪውን ነው፤ ከምን ላይ ቆርሶ ሰጠ?

አርስቶትልን ግን እንዲሁ ተቀብዬ አላልፈውም። የእሱ ለጋስ ሰው ርስት ያለው ነፃ ወንድ ነው። በዚያ ሰው ቤት ውስጥ እህሉን የሚሰፍሩት፣ ዘይቱ እንዳያልቅ የሚጠብቁት ሴቶችና ባሪያዎች ነበሩ። ኢኮኖሚ የሚለው ቃል በግሪክኛ መሠረቱ የቤት አስተዳደር ማለት ሆኖ ሳለ፣ በምግባር ዝርዝር ውስጥ ከፍ ያለውን ቦታ የያዘው በአደባባይ የሚሰጠው እጅ ነው፤ ጓዳ ውስጥ የሚሰፍረው እጅ አይደለም። የኛም ቋንቋ ከዚህ አልዳነም። አደባባይ ላይ የሚከፍለው «ቸር»፣ ጓዳ ውስጥ የምትቆጥበው «ቋጣሪ»።

እዚህ ላይ አንድ ጓደኛዬ፣ ረቂቁን አንብቦ፣ ተቆጣ። «ስለዚህ ምን እንሁን? ዶርም ተዘግተን እንቀመጥ? ጓደኝነት እኮ በካልኩሌተር አይሆንም! እናቴም ብትሆን ከሰው ጋር እንድጫወት ነው የምትፈልገው» አለኝ። ልክ ነው። መውጣትን ብክነት ነው የሚል ሰው ወጣትነትን የረሳ ሰው ነው። አንድ ማኪያቶ ይዞ ሁለት ሰዓት ስለ አንድ ልብ ወለድ መከራከር፣ ስፕሪስ ለሁለት ተካፍሎ መሳቅ፣ ከፈተና በኋላ እስከ እንጦጦ በእግር መውጣት፣ እነዚህ ከትምህርቱ የማይተናነሱ ነገሮች ናቸው። እናቱም ብትሆን ለጨዋታ ስስታም አይደለችም። ጉሊት ላይ ለ10 ብር የተሟገተችው ሴትዮ ከሰዓት በኋላ ቡና አፍልታ ጎረቤት ትጠራለች፤ አቦል ቶና በረካ እስኪባል ማንም አይነሣም፤ ቆሎው ይዞራል። ያን ጊዜ ስኒ የሚቆጥር የለም። ስለዚህ የቁጠባዋ መጨረሻ መስጠት ነው፤ ይኸን ከሷ መካድ ግፍ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው። የቡናው ነገር ተራ አለው። ዛሬ እሷ ቤት፣ ነገ እነ እትዬ ቤት ነው። ማንም አሸንፎ አይወጣም፤ ማንም ተሸንፎ አይቀርም።

የኛ ሒሳብ ግን አሸናፊ አለው፤ አሸናፊ ካለ ተሸናፊ አለ። ከኔ ይልቅ የአንድ ልጅ ነገር ይናገር። በሁለተኛ ዓመት ከኛ ጋር ይወጣ የነበረ፣ ከሁላችንም ይልቅ ጨዋታ የሚያውቅ ልጅ ነበር። ከክፍለ ሀገር የመጣ ነው፤ ከቤት የሚላክለት ብዙ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተነገረውም፤ በየቅዳሜው አንዱ በደስታ ይከፍልለታል። ሦስት ቅዳሜ፣ አራት ቅዳሜ እንዲህ ሆነ። ከዚያ «ጥናት አለብኝ» ማለት ጀመረ። ከዚያም ቀረ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ምክንያቱን ሲነግረኝ ያለኝ ይኸን ነው፦ «መክፈል እንደማልችል ሁላችሁም ታውቁ ነበር። እኔ ግን ሒሳብ በመጣ ቁጥር እንደሚከፍል ሰው ኪሴን መዳበስ ነበረብኝ። በየሳምንቱ ባዶ ኪስ መዳበስ ሰለቸኝ።»

የፈረንሳዩ ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 በታተመው ስለ ስጦታ በጻፈው ጥናቱ፣ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ስጦታ ሦስት ግዴታ እንዳለበት አሳይቷል፤ መስጠት፣ መቀበል፣ መመለስ። መመለስ የማይችል ሰው ስጦታው ሸክም ይሆንበታል። እኛ ግን ይኸን ለማወቅ ፈረንሳይ መሄድ አያስፈልገንም፤ ይሉኝታ የሚል ቃል አለን። ይሉኝታ ከፋዩንም ተከፋዩንም በአንድ ገመድ ያስራል። አንዱ «ቋጣሪ ይሉኛል» ብሎ የሌለውን ያወጣል፤ ሌላው «ጥገኛ ይሉኛል» ብሎ ጓደኞቹን ያጣል። ወንድ ከሴት ጋር ሲወጣማ ገመዱ እጥፍ ነው፤ የሴት እህቶቻችን ኪስ እንዲያውም ጨርሶ እንደሌለ ይቆጠራል፤ «እኔ ልክፈል» ስትል እንደ ቀልድ ይሳቅባታል። ይኸ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ያስፈልገዋል፤ ከሴቶቹ አንዷ ብትጽፈው ይሻላል።

ታዲያ ምን ተደረገ ለምትሉ፣ እኛ ጋ መዋጮ ተጀምሯል። ከመውጣታችን በፊት አንድ ፖስታ ይዞራል፤ ሁሉም የቻለውን፣ ማንም ሳያይ፣ ይከትበታል፤ አንዱ ገንዘብ ያዥ ይሆንና በተገኘው ልክ ይታዘዛል። ፖስታው ሲሰባ ኬክ አለ፤ ሲከሳ ሻይ ነው፤ በጣም ሲከሳ ቆሎ ተይዞ በእግር ይኬዳል። ነገሩን እኛ አልፈጠርነውም። አባቶቻችንና እናቶቻችን እቁብና እድር ሲያቋቁሙ ያወቁት ነገር ነው፤ እቁብ ውስጥ ቋጣሪም ቸርም የለም፣ የከፈለና ያልከፈለ እንጂ። ነገር ግን የኛ ፖስታ አንድ ነገር እንደ ወሰደብን አልክድም። ያ ረቂቁን አንብቦ የተቆጣው ጓደኛዬ «ጓደኝነቱ የእድር መዝገብ ሆነ» ይላል። «በሞቴ» የሚለው ቃል ውስጥ እውነተኛ ፍቅር ነበረ፤ ለአንድ ሰው የራስን አሳልፎ መስጠት፣ ሳያስሉ መስጠት፣ ደስ ይላል፤ ሲሰጡትም ደስ ይላል። ፖስታው ይኸን አያውቅም። ያ የቀረው ልጅም ሁለት ጊዜ መጥቶ ሦስተኛውን አልመጣም። እሱ በሌላ ምክንያት ነው ይላል፤ ሊሆንም ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደኝን ነገር እስካሁን አቆይቼዋለሁ። እስከ አሁን እናቲቱን አመስግኜ ነበር የመጣሁት። እሷ ግን ያን 10 ብር ከማን ላይ ነው ያስቀነሰችው? ጉሊት ላይ ከተቀመጠችው ሴት ላይ ነው። በነገራችን ላይ «መደብ» ስንል በ1960ዎቹ የነበሩ ተማሪዎች መፈክር ትዝ ይለን ይሆናል፤ ጉሊት ላይ ግን መደብ ማለት አምስት ስድስት ሽንኩርት ተደርድሮ የሚሸጥበት ክምር ነው። ሁለቱ ቃሎች እዚያ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። የጉሊቷ ሴት ከትልቁ ገበያ ጨምራ ገዝታ፣ በጀርባዋ ተሸክማ ወይም የታክሲ ከፍላ፣ ፀሐይና ዝናብ ላይ ተቀምጣ የምታተርፈው በመደብ ጥቂት ብር ነው። ልጅም ይኖራታል። ማን ያውቃል፣ ልጇ ከመካከላችን አንዱ ይሆናል።

ሱፐርማርኬት ገብተን ዋጋው የተለጠፈበትን ብስኩት ስናነሣ ማን ይከራከራል? ካፌ ውስጥ የማኪያቶ ዋጋ ሲጨመር ማን ነው አስተናጋጁን «ትናንት እንዲህ አልነበር እንዴ?» ያለው? ወንበርና ጠረጴዛ ያለው ነጋዴ የጠራውን እንከፍላለን፤ መሬት ላይ የተቀመጠችውን እንሟገታለን። ይኸ የአንዲት እናት ጥፋት አይደለም። እሷ መከራከር የምትችልበት ቦታ እዚያ ብቻ ስለሆነ እዚያ ትከራከራለች። በዚያ ላይ የጉሊት ክርክር ክርክር ብቻ አይደለም፤ ሻጯም እንደሚቀንሱባት አውቃ ነው ከፍ አድርጋ የምትጠራው፤ በመሐሉ ስለ ልጅ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ሰፈሩ ለቅሶ ይወራል፤ ደንበኛ ይኮናል። ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ «በይ እንግዲህ መርቂልኝ» ሲባል ሻጯ ሁለት ሽንኩርት ታክላለች። ለትርፍ ሽንኩርትና ለሽማግሌ ቡራኬ አንድ ቃል መጠቀማችን በከንቱ አይመስለኝም። ሆኖም ግን ደንበኝነቱ ሁሉ ተቆጥሮ፣ ማታ ላይ የሻጯ ቋጠሮ ከገዢዋ ቋጠሮ ያንሳል። የካፌው ግብዣ ሒሳብ እንግዲህ ጓዳው ላይ አልቆመም፤ እስከ ጉሊቱ ወርዷል።

ከዚህ ወዲያ መፍትሔ አለኝ አልልም። አንዲት የክፍል ጓደኛችን ግን ያደረገችውን ልንገራችሁ። በእረፍት ጊዜ አስቤዛ የምትላከው እሷ ናት። ጉሊት ላይ ዋጋ መቀነስ ትታለች። የተጠራባትን ትከፍላለች፤ ከዚያ «መርቂልኝ» ትላለች፤ ስንት እንደምትጨምር ሻጯ ትወስን። አንዳንዴ ሦስት ሽንኩርት፣ አንዳንዴ አንድ ቃርያ፣ አንዳንዴ «ዛሬስ አልተረፈኝም፣ እህቴ» ታገኛለች። ይኸን ለኔ ስትነግረኝ ኮራ ብላ ነበር። ቤት ገብታ ሒሳቡን ለእናቷ ስታስረክብ እናቷ ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጥረው፣ ዘንቢሉን ከፍተው አይተው፣ «ጎሽ፣ ደግ ልጅ» አሏት። «የራስሽ ደመወዝ ሲኖርሽ እንዲህ ትገዢያለሽ። እስከዚያው ግን ቅዳሜ ገበያ የምወጣው እኔ ነኝ።»